ይሆናልነትን ለሕፃናት እንዴት እናስተምር?

«ይሆናል»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «አይመስለኝም» ሳንል የምንውልበት ቀን የለም። ገበሬው ደመናውን አይቶ ዘሩን ያወጣል ወይም ያቆያል፤ ነጋዴው የገበያውን ቀን አስቦ ዕቃ ይጭናል፤ እናት የልጇን ግንባር ዳስሳ «አሁን ሐኪም ቤት ልውሰደው ወይስ እስከ ነገ ልጠብቅ?» ትላለች። ሁሉም ይገምታሉ። ይህ ግምት ግን በቁጥር ሊገለጽ፣ ሊመዘንና ከሌላ ግምት ጋር ሊነጻጸር የሚችል መሆኑን ብዙዎቻችን የሰማነው ከፍ ያለ ክፍል ከደረስን በኋላ ነው። ይህን የሚያጠናው የሒሳብ ክፍል ፕሮባቢሊቲ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ «ይሆናልነት» እያልን እንጠራዋለን።

ይሆናልነት ለትንንሽ ልጆች ይከብዳል የሚል አስተያየት በሠልጣኞች መካከል ይሰማል። ቀመሩን ብቻ ጽፈን ብናስገለብጣቸው በእርግጥ ይከብዳል። መሠረቱ ግን ልጆች ቤታቸው የሚሰሙት ንግግር፣ ደጅ የሚጫወቱት ጨዋታና ወላጆቻቸው የሚጥሉት ዕጣ ነው። ስለሆነም ለማስተማር ልምምድ የምንወጣ ሁሉ፣ የደረስንበት ትምህርት ቤት መርጃ መሣሪያ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ ይህን ትምህርት በጥራጥሬ፣ በሳንቲምና በቁራጭ ወረቀት ልናስተምረው እንችላለን።

ወደ ዘዴው ከመግባታችን በፊት ዋናውን ነገር እናስቀድም። አንድ መምህር በከረጢት ውስጥ 9 ቀይና 1 ነጭ ቦሎቄ ጨምሮ «ሳላይ አንድ ባወጣ ምን ይወጣል?» ሲል ይጠይቃል እንበል። አንዲቱ ልጅ «ቀይ» ትላለች፤ አጠገቧ ያለው ልጅ «ነጭ» ይላል። መምህሩ እጁን ሰዶ ሲያወጣ ነጭ ይወጣል። ታዲያ ለማን እናጨብጭብ?

ችኩል የሆነ መምህር «ጎበዝ፣ አወቅኸው!» ብሎ ለልጁ ያስጨበጭባል። በዚያች ደቂቃ ክፍሉ ይሆናልነትን ሳይሆን ጥንቆላን ተማረ ማለት ነው። በትክክል ያሰበችው ልጅቱ ነበረች፤ ከ10ሩ ፍሬዎች 9ኙ ቀይ መሆናቸውን ቆጥራ ነው የተናገረችው። ነጩ የወጣው ከ10 አንድ ጊዜ ሊሆን የሚችለው ነገር በመሆኑ ነው። እንግዲህ በዚህ ትምህርት ግምት ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው የምንለው በወጣው ውጤት ሳይሆን በተሰጠው ምክንያት ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ሀ) ቋንቋችን አስቀድሞ ያውቀዋል

ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል ልጆች ቁጥር አያስፈልግም። ቃላቱ ይበቃሉ፤ አማርኛችን ደግሞ በዚህ በኩል ሀብታም ነው። እስቲ እነዚህን አምስት አባባሎች እናስተያያቸው፦

1. አይዘንብም።
2. መዝነቡን እንጃ።
3. ሊዘንብም ላይዘንብም ይችላል።
4. ሳይዘንብ አይቀርም።
5. መዝነቡ አይቀርም።

በ4ኛውና በ5ኛው መካከል ያለውን ልዩነት ልብ ይሏል። ሁለቱም «አይቀርም» ይላሉ። ነገር ግን «ሳይዘንብ አይቀርም» ያለ ሰው ዝናቡ ቢቀር አልዋሸም፤ ግምቱን ነው የተናገረው። «መዝነቡ አይቀርም» ያለ ሰው ግን ቃሉን ሰጥቷል። ይህን ልዩነት የአምስት ዓመት ልጅ እንኳ በጆሮው ያውቀዋል። የመምህሩ ሥራ የሚያውቀውን ነገር አውጥቶ በመስመር ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ከክፍሉ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ሲባጎ ይወጠራል። በግራው ጫፍ «ፈጽሞ አይሆንም»፣ በቀኙ ጫፍ «በእርግጥ ይሆናል»፣ መካከሉ ላይ «እኩል በእኩል» የሚል ወረቀት ይንጠለጠላል። ከዚያም ልጆቹ የተለያዩ ዐረፍተ ነገሮችን እያነበቡ ወይም እየሰሙ የት ላይ መሰቀል እንዳለባቸው ይከራከራሉ፦ «ከማክሰኞ ቀጥሎ ሐሙስ ይውላል»፣ «ነገ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች»፣ «ላማችን የምትወልደው ጥጃ ሴት ትሆናለች»፣ «ዛሬ ከሰዓት በኋላ ክፍላችንን እንግዳ ይጎበኘዋል»።

እዚህ ላይ ሠልጣኙ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። «በሐምሌ ወር ዝናብ ይዘንባል» የሚለው ዐረፍተ ነገር አዲስ አበባ ወይም ጎጃም ላይ በቀኙ ጫፍ ይሰቀላል። ቦረና ወይም ኦጋዴን የተመደበ መምህር ግን ይህንኑ ቢያደርግ ልጆቹ ይስቁበታል፤ እዚያ ዋናው ዝናብ የሚመጣው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ቀጥሎም በመጸው ወራት ነው፤ ሐምሌ ደረቅ ነው። ስለዚህ የአንድ ነገር ይሆናልነት ስለ ቦታውና ስለ ጊዜው ባለን እውቀት ላይ የተመሠረተ መሆኑን መምህሩ ራሱ አስቀድሞ ሊገነዘብ ይገባዋል። ምሳሌውን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአካባቢው ይውሰድ።

ልጆቹ ባይስማሙ አያስደንግጠን። «እንግዳ ይጎበኘናል» የሚለውን አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ቢጎትተው «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነው። «ትናንት ርእሰ መምህሩ እንግዳ ይመጣል ሲሉ ሰምቻለሁ» ብሎ የመለሰ ልጅ ምክንያት አቅርቧል። «ደስ ስለሚለኝ» ያለው ደግሞ ምኞትንና ግምትን እንዳልለየ እናውቃለን። ይህን መለየት ራሱ አንድ ትልቅ ትምህርት ነው።

ለ) «ዕድል» የሚለው ቃል

ይሆናልነትን ስናስተምር አንድ ቃል በመንገዳችን ላይ ይቆማል፤ እርሱም «ዕድል» ነው። ቃሉ ሁለት ሥራ አለው። «የመዝነብ ዕድሉ አነስተኛ ነው» ስንል ስለ መጠን እንናገራለን። «ዕድሌ ነው»፣ «ዕድለኛ ነች»፣ «ገደ ቢስ ነው» ስንል ግን በሰውየው ላይ የተጣበቀ ነገር ያለ እናስመስላለን። ልጆች ወደ ክፍል ይዘው የሚመጡት ይህን ሁለተኛውን ነው።

የስዊስ ተወላጅ የሆነው የሥነ ልቡና ሊቅ ዣን ፒያዤና ባልደረባው ቤርቤል ኢንሄልደር ልጆች ድንገተኛ ነገርን እንዴት እንደሚረዱ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1951 መጽሐፍ አሳትመዋል። ከሙከራዎቻቸው አንዱ እንዲህ ነበር። በአንድ ትሪ ጫፍ ላይ ቀይና ነጭ ኳሶች ለየብቻ ይደረደራሉ፤ ከዚያም ትሪው ወዲያና ወዲህ ይዘነበላል። ልጆቹ ምን እንደሚሆን አስቀድመው ሲጠየቁ ትንንሾቹ ኳሶቹ ተመልሰው በየቦታቸው እንደሚገቡ ተናገሩ። ኳሶቹ ሲደባለቁ ባዩ ጊዜም ጥቂት ቢቆይ እንደሚመለሱ ተስፋ አደረጉ። ድብልቁ እየጨመረ የሚሄድ መሆኑን የተረዱት ከፍ ያሉት ልጆች ናቸው።

ይህን ሙከራ በሰፌድ ልንሠራው እንችላለን። በሰፌዱ አንድ ጎን ቀይ፣ በሌላው ጎን ነጭ ቦሎቄ አድርገን ከመነቅነቃችን በፊት ልጆቹ የሚሆነውን በደብተራቸው ይሣሉ። አንድ ጊዜ ነቅንቀን እናሳይ፤ ደግመን እናስገምት። «ስንት ጊዜ ቢነቀነቅ ቀዩ ከቀይ፣ ነጩ ከነጭ ጋር ይመለሳል?» ብለን እንጠይቅ። የሚሰጡን መልስ ክፍሉ የት ደረጃ ላይ እንዳለ ይነግረናል።

«ገደ ቢስ» የሚለውን ስም ለመንቀል የሚጠቅም አንድ ጨዋታ ደግሞ አለ። ክፍሉ ውስጥ 60 ልጆች ቢኖሩ ሁሉም ይቆማሉ። እያንዳንዱ ልጅ በተራው ሳንቲም ይወረውራል፤ ጎፈር የወጣበት ይቀመጣል፤ ዘውድ ያወጣው ቆሞ ይቆያል። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ 30 ያህል፣ ከሁለተኛው በኋላ 15 ያህል፣ ከሦስተኛው በኋላ 7 ወይም 8፣ ከአራተኛው በኋላ 4 ያህል፣ ከአምስተኛው በኋላ 2 ያህል ልጆች ቆመው ይገኛሉ። በርግጥ ቁጥሩ በየዙሩ ከፍም ዝቅም ይላል።

አሁን ክፍሉን እንጠይቅ፦ «አምስት ጊዜ በተከታታይ ዘውድ ያወጡት እነዚህ ልጆች ምን የተለየ ነገር አላቸው?» ምንም። ከ60 ልጆች ውስጥ እንዲህ የሚሆንላቸው ሁለት ያህል መገኘታቸው የሚጠበቅ ነው፤ የማይታወቀው የትኞቹ እንደሚሆኑ ብቻ ነው። በአንጻሩ አምስቱንም ጊዜ ጎፈር ሊያወጡ የሚችሉ ሁለት ያህል ልጆችም ይኖራሉ። ዕጣው በተደጋጋሚ አልወጣለት ብሎ ጓደኞቹ «ገደ ቢስ» የሚሉት ልጅ በየክፍሉ የሚኖረው በዚሁ ምክንያት ነው። ጥፋት የለበትም፤ አንድ ሰው እዚያ ቦታ ላይ መገኘቱ የማይቀር ሆኖ እርሱ ላይ ደረሰ እንጂ። መምህሩ ይህን በግልጽ ቋንቋ ቢናገር ለአንድ ልጅ ትልቅ ውለታ ሊውል ይችላል።

አንዳንድ ወላጆች «ዕድል ከአምላክ ነው» ይላሉ። መምህሩ በዚህ የሚጣላበት ምክንያት የለውም። ይሆናልነት ዕጣው ዛሬ ለማን እንደሚወጣ አይናገርም፤ ለምን ለእገሌ ወጣ ብሎም አይጠይቅም። ሙከራው ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ከመቶው ስንቱ እንዲህ እንደሚሆን ብቻ ነው የሚያሰላው።

ሐ) አስገምቶ፣ ሞክሮ፣ መቁጠር

ለ3ኛና ለ4ኛ ክፍል ልጆች ሙከራው ይቀድማል። በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው። ባቄላና ሽምብራ በአንድ ከረጢት ጨምሮ ማስወጣት የተለመደ ስህተት ነው፤ የልጅ ጣት ሁለቱን በመዳሰስ ይለያል፤ ሙከራውም ይበላሻል። በመጠን ተመሳሳይ የሆነ ቀይና ነጭ ቦሎቄ፣ ወይም እኩል ተቆርጦ እኩል የታጠፈ ወረቀት ይሻላል። ከረጢቱ የማያሳይ ይሁን፤ ከእያንዳንዱ መውጣት በኋላ ፍሬው ይመለስ፤ በደንብም ይደባለቅ።

ሁለተኛው መሣሪያ ሳንቲም ነው። «ዘውድና ጎፈር» የሚለው ስም የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የአንድ ብር ሳንቲም ላይ ያለው በአንድ ገጹ የአንበሳ ራስ፣ በሌላው ሚዛን ነው። ዘውዱ ቢጠፋም ስሙ አልጠፋም። የትኛው ገጽ ዘውድ እንደሚባል ከልጆቹ ጋር አስቀድሞ መስማማት ነው።

60ዎቹን ልጆች ሁለት ሁለት አድርገን 30 ጥንድ እናውጣ። አንዱ ይወርውር፣ ሌላው በጭረት ይመዝግብ። እያንዳንዱ ጥንድ 20 ጊዜ ቢወረውር በሩብ ሰዓት ጊዜ ውስጥ 600 ውርወራ ይገኛል። ከመጀመራችን በፊት «ከ20ው ስንቱ ዘውድ ይሆናል?» ብለን እናስጽፍ። አብዛኞቹ 10 ይላሉ።

ውጤቱ ሲሰበሰብ ልክ 10 ያገኙት ጥቂቶች ናቸው። 6 ብቻ ወይም 14 ያገኘ ጥንድ ቢኖር ሊገርመን አይገባም። የ30ውን ጥንድ ውጤት በሰሌዳው ላይ ስንደምር ግን ድምሩ ከ300 ብዙ አይርቅም፤ በ275ና በ325 መካከል ሳይሆን አይቀርም። (ልብ በሉ፣ «መሆኑ አይቀርም» አላልንም።)

ልጆቹ ማየት ያለባቸው ነገር ይህ ነው። 20 ጊዜ ወርውሮ ከ10 በ4 መራቅ ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ያህል ነው። 600 ጊዜ ተወርውሮ ከ300 በ12 መራቅ ግን ከመቶ 2 ብቻ ነው። ሙከራው በበዛ ቁጥር ድርሻው ወደ ግማሽ ይጠጋል፤ በጥቂት ሙከራ ግን ምንም ሊሆን ይችላል። ይህን ሕግ በማስረጃ ያረጋገጠው የስዊሱ የሒሳብ ሊቅ ያኮብ ቤርኑሊ ሲሆን፣ መጽሐፉ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1713 ታትሟል።

በእጃቸው የሞከሩም ነበሩ። በ18ኛው መቶ ዓመት የፈረንሳዩ ቡፎን 4,040 ጊዜ አስወርውሮ 2,048 ዘውድ አግኝቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዴንማርክ ውስጥ ተይዞ የነበረው የደቡብ አፍሪካው መምህር ጆን ኬሪች ደግሞ በዚያ በግዞት ጊዜው 10,000 ጊዜ አስወርውሮ 5,067 ዘውድ ቈጥሯል። አንድ መምህር ያለ መጽሐፍና ያለ መሣሪያ በሳንቲም ብቻ ምን ያህል ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ መማር እንችላለን።

የክፍሉ ድምር ከ300 ራቅ ቢል ቁጥሩን «ማስተካከል» ክልክል ነው። ልጆቹ መምህራቸው ውጤት ሲያሳምር ካዩ ሙከራው ለይስሙላ መሆኑን ይረዳሉ። የወጣውን መመዝገብ፣ በማግስቱ መድገም፣ ሁለቱን መደመር ነው መፍትሔው።

ሦስተኛው መሣሪያ ቆርኪ ነው። ቆርኪ ተወርውሮ በጀርባው ወይም በሆዱ ይወድቃል፤ ሁለት ነገር ብቻ ሊሆን ይችላል። ታዲያ እኩል በእኩል ነው? ብዙ ልጆች፣ እውነቱን ለመናገር ብዙ ትልልቅ ሰዎችም፣ «ወይ ይሆናል ወይ አይሆንም፤ ስለዚህ ግማሽ በግማሽ ነው» ይላሉ። የቆርኪው ሁለት ጎን ግን አይመሳሰልም። መቶ ጊዜ ወርውሮ ከመቁጠር በቀር ይሆናልነቱን የምናውቅበት መንገድ የለም። ሳንቲም በማሰብ የሚታወቀውን፣ ቆርኪ በመሞከር የሚታወቀውን ያስተምራል፤ ስለዚህ ሁለቱም በትምህርት ዕቅዳችን ውስጥ ይግቡ።

መ) ከመቁጠር ወደ ክፍልፋይ

5ኛና 6ኛ ክፍል የደረሱ ልጆች ክፍልፋይ ያውቃሉ። አሁን በሲባጎው ግራ ጫፍ 0፣ በቀኙ ጫፍ 1፣ መካከሉ ላይ 1/2 ብለን እንጽፋለን። ሕጉም አጭር ነው፦ የምንፈልገው የሚሆንባቸው መንገዶች ቁጥር፣ ሊሆኑ ለሚችሉት መንገዶች ሁሉ ቁጥር ይካፈላል። ነገር ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ መንገዶቹ እኩል መሆን አለባቸው። ቅድመ ሁኔታው ከተረሳ ሕጉ ያሳስታል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ሁለት ሳንቲም አንድ ላይ መወርወር ነው። «ምን ምን ሊወጣ ይችላል?» ብንል ልጆቹ «ሁለቱም ዘውድ፣ ሁለቱም ጎፈር፣ አንድ ዘውድ አንድ ጎፈር» ብለው ሦስት ይቈጥራሉ። ቀጥለውም የእያንዳንዱ ይሆናልነት 1/3 ነው ይላሉ። አንቆጣ። ታላቁ የፈረንሳይ የሒሳብ ሊቅ ዳላምቤር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1754 በወጣው የኢንሳይክሎፒዲያ ቅጽ ላይ የዚሁ ዘመድ የሆነ ስህተት ጽፏል። ሳንቲም ሁለት ጊዜ ቢወረወር ቢያንስ አንድ ጊዜ ዘውድ የመውጣቱን ይሆናልነት 2/3 ነው አለ። የመጀመሪያው ዘውድ ከሆነ ጨዋታው እዚያው ያበቃልና መንገዶቹ ሦስት ብቻ ናቸው ብሎ ነው። ሦስቱ መንገዶች ግን እኩል አልነበሩም፤ ትክክለኛው መልስ 3/4 ነው።

ማረሚያው ቀላል ነው። ከሁለቱ ሳንቲሞች በአንዱ ላይ በጠመኔ ምልክት እናድርግ። አሁን «ምልክት ያለው ዘውድ፣ የሌለው ጎፈር» እና «ምልክት ያለው ጎፈር፣ የሌለው ዘውድ» ሁለት የተለያዩ መንገዶች መሆናቸው በዓይን ይታያል። መንገዶቹ አራት ናቸው፤ የተቀላቀለው ከአራቱ ሁለቱን ይይዛል። ያላመነ ልጅ ካለ እንደገና 600 ጊዜ ማስወርወር ነው፤ የተቀላቀለው ወደ 200 ሳይሆን ወደ 300 ሲጠጋ ራሱ ያየዋል። ልጅን በቃል ከማሳመን በጭረት ማሳመን ይሻላል።

ሌላው ጥያቄ የሁለት ከረጢት ጥያቄ ነው። በአንዱ 2 ቀይና 3 ነጭ፣ በሌላው 3 ቀይና 6 ነጭ አለ። ቀይ ለማውጣት የትኛውን ትመርጣላችሁ? ብዙዎቹ «ሦስት ቀይ ያለበትን» ይላሉ። የመጀመሪያው ግን 2/5 ነው፤ ከመቶ 40 መሆኑ ነው። ሁለተኛው 3/9 ነው፤ ከመቶ 33 ያህል ብቻ። ክፍልፋይን ማወዳደር ምን ይጠቅማል ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም።

ሠ) ዕቁብና ሳንቲም

አሁን ወደ አገራችን ሕይወት እንመለስ። 12 ሰዎች በየሳምንቱ ዕቁብ ይጥላሉ እንበል። ስማቸው በወረቀት ተጽፎ፣ ተጠቅልሎ ዕጣ ይወጣል፤ የደረሰው ሰው ወረቀት አይመለስም።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ዕቁቡ በአንደኛው ሳምንት ሊደርሰኝ ያለው ይሆናልነት ስንት ነው? 1/12። በሁለተኛው ሳምንትስ? ልጆቹ «11 ሰው ስለቀረ 1/11» ይላሉ። እዚህ ላይ ቀስ ማለት ይገባል። አንደኛው ሳምንት አልፎ ካልደረሰኝ በእርግጥ 1/11 ነው። ዕቁቡ ሳይጀመር ከተጠየቅሁ ግን በመጀመሪያው ሳምንት አለመውጣቴ 11/12፣ ከዚያም በሁለተኛው መውጣቴ 1/11 ስለሆነ ብዜቱ 1/12 ይመጣል። በየትኛውም ሳምንት እንዲሁ ነው። ለልጆች ሲነገር፦ 12ቱ ወረቀቶች አስቀድመው ተርታውን ይዘው ቢደረደሩ የእኔ ስም በየትኛውም ቦታ የመገኘቱ ነገር እኩል ነው።

ከዚሁ ጋር «ዕጣ ሲወጣ ቀድሞ ማንሣት ይጠቅማል» የሚለው ክርክር ይፈታል። ሦስት ልጆች፣ ሦስት ወረቀት፣ አንዱ ምልክት ያለው። ቀድሞ የሚያነሣው 1/3 አለው። ሁለተኛው የመጀመሪያው ሳይወስደው (2/3) ከቀሩት ሁለት አንዱን ያነሣል (1/2)፤ ብዜቱ 1/3 ነው። ሦስተኛውም የቀረውን 1/3 ይይዛል። እንግዲህ ተራ ለመያዝ መጋፋቱ ከንቱ ነው።

አሁን ግን የዚህ ሁሉ ፍሬ ወደሆነው ነገር ደረስን። ዕቁብተኛው «ስምንት ሳምንት ጠበቅሁ፤ አሁንስ ተራዬ ቀርቧል» ቢል እውነቱን ነው። ከ12ቱ 8ቱ ወጥተዋል፤ በሚቀጥለው ዕጣ ይሆናልነቱ 1/4 ሆኗል። የመጨረሻው ሰው እማ ዕጣ ማውጣት እንኳ አያስፈልገውም። ይህ የሆነው የወጣው ወረቀት ስለማይመለስ ነው።

ሳንቲም ወርዋሪው ደግሞ «አምስት ጊዜ ዘውድ ወጣ፤ አሁን የጎፈር ተራ ነው» ይላል። ይኸኛው ተሳስቷል። የሳንቲሙ ሁለት ገጽ በእያንዳንዱ ውርወራ እንደ አዲስ ይቀርባሉ፤ ያለፈውን የሚቈጥር ዳኛና ጸሐፊ የላቸውም። ስድስተኛውም ውርወራ 1/2 ነው። ሎተሪም እንዲሁ ነው፤ አሥር ዓመት ሙሉ ሳይደርሰው ትኬት የገዛ ሰው በሚቀጥለው ዕጣ ዛሬ የመጀመሪያ ትኬቱን ከገዛው ሰው አይበልጥም።

ስለዚህ ልጆች በእያንዳንዱ ጨዋታ መጀመሪያ አንድ ጥያቄ እንዲጠይቁ እናስለምዳቸው፦ «የወጣው ይመለሳል ወይስ አይመለስም?» ካልተመለሰ ያለፈው ለሚመጣው ይቈጠራል፤ ከተመለሰ አይቈጠርም። በዚህች ጥያቄ መልስ ላይ ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡን የጣለ ወይም ያዳነ መሆኑን ለመገመት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ረ) ስለ ምዘና

በማስተማር ልምምድ ጊዜ በሰሌዳው ላይ ሦስት አምድ እንድናሰምር ሐሳብ እናቀርባለን፦ ግምት፣ ምክንያት፣ ውጤት። ግምቱና ምክንያቱ ከሙከራው በፊት ይሞሉ። ማርክ የሚሰጠው በመካከለኛው አምድ ላይ ብቻ ይሁን። «ቀይ፣ ምክንያቱም ቀይ ይበዛል» ያለች ልጅ ነጭ ቢወጣም ሙሉ ማርክ ታግኝ። «ነጭ፣ ምክንያቱም ነጭ ደስ ይለኛል» ያለው ነጭ ቢወጣለትም አያግኝ። ከዚያም ሙከራው አንድ ጊዜ ብቻ ተደርጎ አይቁም፤ ቢያንስ 20 ጊዜ ይደገም። አንድ ጊዜ ብቻ የተሞከረ ነገር ይሆናልነትን አያሳይም።

ይህ ነገር ከክፍል ውጭ የሚዘልቅ ነው። ምልክቱን አይቶ፣ ጊዜውን ቈጥሮ የዘራ ገበሬ ዝናብ ቢቀርበት ሞኝ አይደለም፤ የተሻለውን መርጦ ጥቂቱ ደረሰበት። ሳያስብ ገዝቶ ያተረፈ ነጋዴም ብልህ አይደለም፤ ደግሞ ቢያደርገው ሊከስር ይችላል። ሰውን በደረሰበት ነገር ብቻ የሚመዝን ኅብረተሰብ ከጥሩ አሳቢው ሳይሆን ከገጠመለት ሰው ምክር ይጠይቃል። ልጆቻችን ከዚህ እንዲላቀቁ ከፈለግን፣ 9 ቀይና 1 ነጭ ቦሎቄ ባለበት ከረጢት ፊት ቆመን ለማን እንደምናጨብጭብ አስቀድመን እንወቅ።

ለአንባብያን ጥያቄ፦ አንድ ሠልጣኝ በልምምድ ክፍሉ «በኢትዮጵያ አቈጣጠር 13 ወራት ስላሉ አንድ ልጅ በጳጉሜን የመወለዱ ይሆናልነት 1/13 ነው» የሚል መልስ ከተማሪ ቢቀርብለት፣ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ለልጁ በምን ዓይነት ሙከራ ሊያሳየው ይችላል? መልሳችሁን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍሉ ስጡ። የተሻሉትን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን። የምንመርጠው በምክንያቱ ነው።